ንድፉ ሳያልቅ ብረቱ ሲቆረጥ፦ ስለ ጦር መርከብ ግንባታና ስለ መከላከያ ግዥ ቅደም ተከተል የተደረገ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ይህን ውይይት የከፈትሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ስሆን፣ ያነሣሁትም ጥያቄ ከዚሁ ሙያዬ የመነጨ ነው፦ አንድ አገር የጦር መርከብ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ገንዘብ ከመመደቡ በፊት ምን ምን መቅደም አለበት? ኢትዮጵያ የፈረሰውን ባሕር ኃይሏን እንደገና እንደምታቋቁም በ2018 አስታውቃለች፤ በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ትብብር ስምምነትም ይህንኑ ግንባታ ያካተተ ነበር፤ የዋና መምሪያው መቀመጫ ባሕር ዳር እንደሚሆንም በዚያው ዓመት ተዘግቧል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ለጎጃሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለማሳያ ያቀረብሁት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮንስቴሌሽን ብሎ የሰየማቸውን ፍሪጌቶች (መካከለኛ መጠን ያላቸው የጦር መርከቦች) ነው። አጀማመሩ አስተዋይነት የተሞላበት ነበር፤ አዲስ መርከብ ከባዶ ከመንደፍ ይልቅ ጣሊያንና ፈረንሳይ የሚጠቀሙበትን ፍሬም የተባለ ፍሪጌት ወስዶ በመጠኑ ማስተካከል ይሻላል ተብሎ፣ ውሉ በ2020 ዊስኮንሲን ለሚገኘው የፊንካንቲየሪ የመርከብ ማምረቻ ተሰጠ። ነገር ግን ባሕር ኃይሉ የራሱን መመዘኛና የራሱን መሣሪያ እየጨመረ ሲሄድ፣ ከመነሻው ንድፍ ጋር 85 በመቶ ይመሳሰላል የተባለው መርከብ ተመሳሳይነቱ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ንድፉ ሳይጠናቀቅ በ2022 ግንባታው መጀመሩ ነው። ክብደቱ ከታሰበው በላይ ሆነ፤ በ2026 ይረከባል የተባለው የመጀመሪያው መርከብ ወደ 2029 ተገፋ፤ በመጨረሻም በኅዳር 2025 ሥራቸው ያልተጀመሩት አራቱ ተሰርዘው በግንባታ ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ እንዲቀጥሉ ተወሰነ።

ይህ የደረሰው በዓለም ከፍተኛውን የመከላከያ በጀት በሚመድብ አገር ላይ ነው። ስለሆነም የችግሩ ሥር የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተል መዛባት ነው የሚል አቋም ያዝሁ። በእኛ የበጀት አሠራር የመርከቡ ዋጋ በካፒታል በጀት ይያዛል፤ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ መለዋወጫውና የባሕረተኛው ደመወዝ ግን ከዓመት ዓመት በመደበኛ በጀት የሚመጡ በመሆናቸው፣ ግዥውን የሚያጸድቀው አካል የሠላሳ ዓመቱን ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ አያየውም። ያ ገጽ ሳይዘጋጅ ምንም ዓይነት የመርከብ ግዥ መጽደቅ የለበትም ብዬ ጽሑፉን ዘጋሁ።

ምላሾቹ

1ኛ ምላሽ። ከደብረ ማርቆስ የጻፉ የፊዚክስ መምህር በትሕትና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ሐሳቡን እንደሚደግፉ ገልጸው፣ ነገሩ ግን የዛሬ አለመሆኑን በታሪክ አስረዱ። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠሩት ቫሳ የተባለው የጦር መርከብ 64 የነሐስ መድፎች ተጭነውበት፣ በነሐሴ 1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን ዘርግቶ ከወደብ በወጣ በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ክልል ውስጥ ተገልብጦ ሰጥሟል፤ የላይኛው ክፍል ከበደ፣ ከታች ሚዛኑን የሚጠብቅለት ክብደት አነሰ። መምህሩ ከዚሁ ጋር የስፔንን ኤስ 80 ሰርጓጅ መርከብ አያያዙ፤ በ2013 ክብደቱ ቢያንስ በ75 ቶን መብለጡ ሲታወቅ፣ ተመልሶ እንዲንሳፈፍ ርዝመቱን ማስረዘም ግድ ሆነ፤ ርዝመቱ ሲጨምር ደግሞ መርከብ የሚሠራበትና የሚጠገንበት የካርታሄና መትከያ ጠበበውና እርሱንም ማስፋት አስፈለገ። የመጀመሪያው መርከብ ለባሕር ኃይሉ የተሰጠው በ2023 ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ እያለ ማረም የብዕር ሥራ መሆኑን፣ ብረት ከተበየደ በኋላ ማረም ግን መርከቡን እንደገና መሥራት መሆኑን አስገነዘቡ።

2ኛ ምላሽ። ይህን የጻፉት በቀድሞው ባሕር ኃይል በሞተር ክፍል ያገለገሉ፣ አሁን ዳንግላ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ከሁሉም ምላሾች እጅግ ያስተማረኝ የእርሳቸው ነው። ባሕር ኃይሉ በ1955 ሲመሠረት የኖርዌይ መኮንኖች እንዳሠለጠኑት፣ ኢትዮጵያ የተባለችው ዋናዋ መርከብም በ1962 ከአሜሪካ የመጣች፣ ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረች የባሕር አውሮፕላኖች ማገልገያ እንደነበረች አስታወሱ። መንግሥት ሲለወጥ ከሶቪየት ኅብረት ፔትያ የሚባሉ ፍሪጌቶችና ሚሳይል ተኳሽ ጀልባዎች መጡ፤ ያን ጊዜ አንዱ መርከብ በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር የሚፈታ ስለሆነ ሁለት ዓይነት መፍቻ፣ ሁለት ዓይነት መመሪያ፣ ሁለት ዓይነት መጋዘን መያዝ ግዴታ ሆነ። እርሳቸውም በእንግሊዝኛ የተማሩትን ሙያ በሩሲያኛ በተጻፈ መመሪያ ላይ እንደ አዲስ ሊማሩት ተገደዱ። ምፅዋ በየካቲት 1990 ከእጅ ከወጣች በኋላ፣ በ1991 የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብም በ1993 ለቁራጭ ብረት ተሸጠች፤ ባሕር ኃይሉ በ1996 ፈረሰ። የአዛውንቱ ቁጭት በመርከቦቹ መጥፋት ላይ ብቻ አይደለም፤ መርከብ ከሚሰጠን አገር ጋር ያለን ወዳጅነት በተለወጠ ቁጥር የጥገና እውቀታችን አብሮ ከዜሮ መጀመሩ ነው የሚያንገበግባቸው። ስለዚህ ለግዥ የሚወጣ ሰነድ ሁሉ፣ መለዋወጫው ከአንድ አገር ብቻ የሚመጣ ከሆነና ያ አገር ፊቱን ቢያዞር ምን ይደረጋል የሚል አንቀጽ እንዲኖረው አሳሰቡ።

3ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የጻፈ የግብርና ባለሙያ፣ ማዳበሪያ ከዘር ወቅት አልፎ ለሚደርስበት ገበሬ ስለ ፍሪጌት ማውራት ድፍረት ነው ሲል በቁጣ ጻፈ። በግጭት ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች፣ መድኃኒት ያለቀባቸው ጤና ጣቢያዎች ባሉበት አካባቢ፣ የባሕር በር ለሌለው አገር የጦር መርከብ ቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ራሱ ሊያሳፍረን እንደሚገባ ገለጸ፤ እኔንም ጥያቄውን ከተሳሳተ ቦታ ጀምረሃል ብሎ ወቀሰኝ። እንዴት እንግዛ ከማለት በፊት ለምን እንግዛ ሊባል ይገባል የሚለው ወቀሳው ክብደት ያለው ነው፤ ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ ምላሾች ወደ እርሱ የተመለሱትም ለዚህ ነው።

4ኛ ምላሽ። ባሕር ዳር ያሉ የትራንዚት ሥራ ባለሙያ በለስላሳ ቃል መለሱለት። ያ የዘገየው ማዳበሪያ ራሱ በባሕር የሚመጣ መሆኑን፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ፣ ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩም የመድን ዋጋና የጭነት ኪራይ መናሩን አስረዱ። ባሕሩን የሚጠብቅ የራስ ኃይል ቢኖር የገበሬውም ማዳበሪያ ይጠበቃል የሚል ነው ድምዳሜያቸው።

5ኛ ምላሽ። ይህኛው 4ኛውን ያርማል፤ እርማቱም ትክክል ነው። የጻፉት ሴት የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ታላላቅ ባሕር ኃይሎች አጥፊ መርከቦቻቸውን ቀይ ባሕር ላይ አሰልፈው እንኳ የንግድ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዙረው መሄዳቸው እንዳልቀረ አስታውሰው፣ ሁለት ወይም ሦስት የጥበቃ ጀልባዎች የመድኑን ዋጋ በአንድ ሳንቲም አይቀንሱም አሉ። በተጨማሪም መርከብ ከመኖሩ በፊት የሚያርፍበት ወደብ መኖር አለበት፤ ከሶማሊላንድ ጋር በጥር 2024 የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና ከሶማሊያ ጋር በታኅሣሥ 2024 በአንካራ የተደረሰበት መግለጫ የሚያሳዩት ይህ ጥያቄ ገና በድርድር ላይ መሆኑን ነው። ሆኖም የባሕር በር የሌለው አገር ስለ ባሕር ኃይል ሊያስብ አይገባውም የሚለውን የ3ኛውን አስተያየትም አልተቀበሉትም፤ ቦሊቪያ የባሕር ጠረፏን በ1879 በተጀመረው ጦርነት ካጣች በኋላም በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ የሚሠራ ባሕር ኃይል አላት። ለምን ዓላማ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ከተወሰነ መጠኑም ዋጋውም ከዓላማው ይከተላል ሲሉ አጠቃለሉ።

6ኛ ምላሽ። አጭር ሲሆን የቁጥር መቀነስ ዋጋን እንዴት እንደሚያንር በአሜሪካው ዙምዋልት አጥፊ መርከብ ያሳያል። 32 ሊሠሩ ታስበው 3 ብቻ ተሠሩ፤ ለመድፎቻቸው ተብሎ የተነደፈው ጥይት በብዙ ሺህ ሊመረት የነበረው በጥቂቱ ሲሆን የአንዱ ዋጋ ወደ 800,000 ዶላር ደረሰ፤ በ2016 ግዥው ቀረ፤ መርከቦቹም የሚተኩሱት ጥይት የሌለው መድፍ ይዘው ለዓመታት ቆዩ። እኔ ወደዚህ የምጨምረው፣ በግዥ ሥራ መጠንን ከግማሽ መንገድ ላይ መቀነስ ቁጠባ የሚመስለው ላላሰላው ሰው ብቻ መሆኑን ነው። የንድፉ፣ የማሽኑና የሥልጠናው ወጪ አስቀድሞ ስለወጣ፣ የቀሩት ጥቂት ዕቃዎች ያን ሁሉ ተካፍለው ይሸከሙታል።

7ኛ ምላሽ። ከቡሬ የጻፉ የባንክ ባለሙያ ከአሜሪካ ይልቅ ሞዛምቢክ ለእኛ ትቀርበናለች ብለው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። በ2013ና በ2014 ኢማቱም፣ ፕሮኢንዲከስና ማም በተባሉ ሦስት የመንግሥት ኩባንያዎች ስም፣ ለቱና ማጥመጃና ለጠረፍ ጥበቃ ጀልባዎች ግዥ ተብሎ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ተወሰደ። ገንዘብ ሚኒስቴር ዋስትና ሲሰጥ ፓርላማው አላወቀም፤ አብዛኛው ብድርም ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ተደብቆ ነበር። በ2016 ምሥጢሩ ሲወጣ ድርጅቱና ለጋሾች ድጋፋቸውን አቋረጡ፤ የአገሪቱ ገንዘብ ወደቀ፤ ዓሣ ሊያጠምዱ የተገዙት ጀልባዎች ማፑቶ ወደብ ላይ ቆመው ዛጉ። በ2017 ይፋ የሆነው ገለልተኛ ምርመራ በዕቃዎቹ ዋጋ ላይ ብቻ 713 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከመጠን በላይ መጠየቁን፣ የ500 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ አወጣጥ ደግሞ በቂ ማብራሪያ የሌለው መሆኑን ገልጿል። የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ማኑኤል ቻንግ በነሐሴ 2024 ኒውዮርክ ውስጥ ጥፋተኛ ተብለዋል። ባለሙያው ይህን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለውታል።

8ኛ ምላሽ። 7ኛውን በመደገፍ የኬንያዋን ጃሲሪ ጨመረ። ውሉ በ2003 ተፈርሞ፣ በሙስና ጥያቄ ምክንያት ክፍያው ስለተቋረጠ መርከቧ ለዓመታት ስፔን ውስጥ ቆይታ ሞምባሳ የገባችው በ2012 ነው። በዚህ መካከል ቴክኖሎጂው አርጅቷል፤ ሊሠለጥኑባት የሚገባቸውም ባሕረተኞች ሌላ ሥራ ይዘዋል ሲል ጸሐፊው አስተያየቱን ሰጠ።

9ኛ ምላሽ። 7ኛውን በአንድ ነጥብ ይቃወማል። የሞዛምቢክ ጥፋት የመርከብ ግዥ ጥፋት ሳይሆን የብድር ጥፋት ነው፤ በዚያው መንገድ ትራክተር ቢገዛም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር የሚል ነው። በከፊል እውነት አለው። ሆኖም የመከላከያ ግዥን ለእንዲህ ያለ ጥፋት የሚያመቸው ምሥጢራዊነቱ መሆኑን እኔ በምላሼ አመለከትሁ፤ የትራክተር ዋጋ በገበያ ይታወቃል፣ የጥበቃ ጀልባን ዋጋ ግን ሻጩ በሚለው ብቻ የሚያውቅ ገዥ ብዙ ነው። የመሣሪያውን ብቃት ምሥጢር አድርጎ ዋጋውንና የብድሩን ውል ለሕዝብ ተወካዮች ማሳየት ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ ማኅተም ማሸግ ግን የአገርን ጥቅም ከመጠበቅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

10ኛ ምላሽ። ከሞጣ የጻፈ ሰው ወደ ውጭ አገር መሄድ ለምን አስፈለገ ብሎ ሜቴክን አነሣ። በ2010 የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በኅዳር 2018 በይፋ መግለጻቸውን አስታወሰ፤ በዚያው መግለጫ አባይና አንድነት የተባሉት አሮጌ የንግድ መርከቦች ጉዳይ መነሣቱንም ጨመረ። ለቁራጭ ብረትነት የተገዙ መርከቦች ተጠግነው ወደ ንግድ እንዲገቡ መደረጋቸው፣ ወጪውም ከዋጋቸው ጋር አለመመጣጠኑ ያንገበገበው ይህ ጸሐፊ፣ ስለ መርከብ ግዥ የሚጠና ትምህርት ቢኖር ከዚህ ይጀምር አለ።

11ኛ ምላሽ። እጅግ ሻካራ ነበር። የ10ኛውን ጸሐፊ ፖለቲካ ለማራገብ መጣህ ብሎ ከሰሰው፤ ሜቴክ ባይሳካለትም በአገር ውስጥ ለማምረት መሞከሩ ሊመሰገን እንደሚገባ ጻፈ። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ነገሩ ወደ ዘለፋ ሲያመራ፣ የመክፈቻው ጸሐፊ እንደመሆኔ ገባሁና በ12ኛው ምላሽ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲወያዩ ለመንሁ። በአገር ውስጥ ማምረት ጥሩ ዓላማ ነው፤ ዓላማው ጥሩ መሆኑ ግን ጨረታን፣ የዋጋ ማነጻጸሪያንና የርክክብ ምርመራን አያስቀርም። እንዲያውም አዲስ ሙያ የሚጀምር ተቋም ከነባሩ ይልቅ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልገዋል፤ ስሕተቱ ብዙ ስለሚሆን በጊዜ መታየት አለበት። በ2018 የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ከሜቴክ ላይ መነሣቱ፣ ቁጥጥሩ በስተመጨረሻ ሲመጣ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን ያሳያል። የ11ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

13ኛ ምላሽ። የዘጌ ተወላጅ የሆኑ ሰው ውይይቱን ወደ ጣና አወረዱት። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ከመክበዱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እንዲተካ ደንገሉን በወቅቱ አጭደው እንደሚያደርቁ ገለጹ። ከዚያም እምቦጭ የደንገሉን ቦታ እየወረሰ ስለመሆኑ በሰፊው ጻፉ፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ስለ ዓሣው መመናመን ተከትለው ስለጻፉ ጉዳዩ ከመርከብ የራቀ መስሎ ነበር።

14ኛ ምላሽ። አንድ ወጣት መካኒክ መልሶ አገናኘው። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ወዲህ ለማጨጃ ተብለው የተገዙና በስጦታ የመጡ ማሽኖች በመለዋወጫ፣ በነዳጅና በባለሙያ እጥረት ለረጅም ጊዜ መቆማቸውን ጠቅሶ፣ በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ማጨጃን በሥራ ላይ ማቆየት ያልቻለ አሠራር ሚሳይል የተሸከመ መርከብን እንዴት ሊያቆይ ይችላል ሲል ጠየቀ። ማሽኖቹ የተለያየ ሥሪት ስለነበሩ የአንዱ ቁራጭ ለሌላው አይሆንም፤ ይህም በ2ኛው ምላሽ አዛውንቱ የተናገሩት የሁለት ዓይነት መፍቻ ችግር ነው። ማንም በቂ መልስ አልሰጠውም። እኔም ብሆን የዚህን ወጣት ጥያቄ ያላለፈ የመርከብ ግዥ ጥናት ጥናት አይባልም ከማለት በስተቀር የምጨምረው የለኝም።

15ኛ ምላሽ። ጣናነሽ ፪ የተባለችው የጣና ሐይቅ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር መድረሷን ያነሣው ጸሐፊ፣ ያ ጉዞ የመንገዱን ጠባብነት፣ ድልድዩንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ሁሉ የፈተነ እንደነበር አስታውሶ፣ መርከብን ሙሉ አካሏን ከማምጣት ይልቅ በቁርጥራጭ አምጥቶ በሐይቁ ዳር መግጠም አይሻልም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

16ኛ ምላሽ። የደብረ ማርቆሱ መምህር ተመልሰው ለዚህ ሁለት ታሪክ አቀረቡ። ፔሩ በ1861 ለእንግሊዝ ያዘዘቻት ያቫሪ 2,766 ቁራጭ ሆና መጥታ፣ ከባቡሩ ማብቂያ ጀምሮ በበቅሎ አንዲስ ተራራን አቋርጣ ቲቲካካ ሐይቅ ደርሳለች፤ ተገጥማ ውሃ ላይ የወረደችው ግን በ1870 ነው። ጀርመኖች ደግሞ በ1913 ፓፐንቡርግ ላይ የሠሯትን ግራፍ ፎን ጎትሰንን በ5,000 ሣጥን አሽገው፣ ከዳሬሰላም በባቡር ታንጋኒካ ሐይቅ አድርሰው በ1915 አንሳፈፏት። በጦርነቱ ማፈግፈግ ሲመጣ መሐንዲሶቹ ሞተሯን በወፍራም ቅባት ሸፍነው ራሳቸው አሰጠሟት፤ እንግሊዞች በ1924 አወጧት፤ ሊምባ ተብላም ከ1927 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ጭነት አመላልሳለች። የዳንግላው አዛውንት ይህን አንብበው፣ እነዚያ መሐንዲሶች ሞተር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ ብለው አንድ መስመር ጻፉ።

17ኛ ምላሽ። የ15ኛውን ጥያቄ ወደ ዛሬ አመጣው። ኬንያ በመከላከያ ሚኒስቴሯ ሥር ባቋቋመችው የመርከብ ማምረቻ አማካይነት ኪሱሙ ላይ፣ ታንዛንያም ምዋንዛ ላይ ለቪክቶሪያ ሐይቅ መርከብ በሐይቁ ዳር ገጥመዋል፤ የውጭ ኩባንያ ንድፉንና ክፍሎቹን ሲያቀርብ የአገሬው በያጅ፣ ኤሌክትሪሺያንና መሐንዲስ ሙያውን እዚያው ቀስሟል። ጸሐፊው ባሕር ዳር ላይም የመርከብ መጠገኛ መንሸራተቻና የብየዳ ማሠልጠኛ ቢሠራ፣ ጦር መርከብ መጣም አልመጣም የጣናን ጀልባዎች ይጠቅማል ሲሉ አሳሰቡ። የፍኖተ ሰላሙ የግብርና ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሶ እንዲህ ያለውን ወጪ እንደማይቃወም ጻፈ።

18ኛ ምላሽ። ደቡብ አፍሪካ በ1999ኙ የጦር መሣሪያ ስምምነት አራት ፍሪጌቶችና ሦስት ሰርጓጅ መርከቦች ከጀርመን መግዛቷን፣ ከዚያ ወዲህ ግን የጥገና በጀት በየዓመቱ ስለሚያንስ አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ ከመትከያ ሳይወጡ መቆየታቸውን ያስረዳል። አህጉራችን ውስጥ የተሻለ የመርከብ ጥገና ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ ይህ ከደረሰባት፣ ሌላው አገር ምን ሊጠብቀው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በአሜሪካ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ግምት ከአንድ የጦር መሣሪያ የዕድሜ ዘመን ወጪ 70 በመቶ ገደማው ከግዥ በኋላ የሚመጣ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪ ነው። በመክፈቻው ጽሑፌ ያልሁት ገጽ መሙላት ያለበት ይህን 70 በመቶ ነው።

19ኛ ምላሽ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በማሪን ምሕንድስና ተመርቃ በውጭ የንግድ መርከቦች ላይ የምትሠራ ወጣት፣ ሁሉም ስለ ብረት ሲናገር ስለ ሰው የተናገረው ጋሼ ብቻ ናቸው ብላ አዛውንቱን አመሰገነች። በእርሷ አስተያየት የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩትን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ወደ አገር የሚመልስ ደመወዝና አንዲት መጠነኛ ማሠልጠኛ መርከብ ላይ ነው፤ ሰው በሌለበት የተሠራ መትከያ ባዶ ግንብ ነው።

20ኛ ምላሽ። አዛውንቱ ልጄ ብለው ጀምረው፣ በአክብሮት ግን በጽናት ተቃወሟት። መትከያ በሌለበት የተገዛች ማሠልጠኛ መርከብ ገላዋን ለማስጠረግና ቀለም ለመቀባት እንኳ ወደ ሰው አገር በዶላር መሄድ አለባት፤ እርሳቸው ባገለገሉበት ዘመን ትልቁን ጥገና በውጭ ማሠራት ሲጀመር፣ ወጣቶቹ መካኒኮች ሞተር ሲፈታ ሳያዩ ማዕረግ ያገኙ ነበር። ስለዚህ ቅድሚያ ለመትከያው፣ ለማሽን ቤቱና ለብየዳው፤ መርከቧ ከዚያ በኋላ ትምጣ አሉ።

21ኛ ምላሽ። የቡሬው የባንክ ባለሙያ ሁለቱን ለማስታረቅ ናይጄሪያን ጠሩ። የናይጄሪያ ባሕር ኃይል በራሱ መትከያ አንዶኒ የተባለችውን የጥበቃ ጀልባ በ2012፣ ካራዱዋን በ2016፣ ኦጂን በ2021 አስመርቋል፤ እያንዳንዷ ከቀደመችው የተሻለች፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜም ረጅም ነው። መትከያውና ሰው አንድ ላይ ያደጉት አንዲቱን ጀልባ በመሥራት ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ወጣቷ ይህን ስትቀበል አዛውንቱ ግን ናይጄሪያ ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የቆየ የጥገና መትከያ እንደነበራት አስታውሰው አቋማቸውን አልለወጡም።

22ኛ ምላሽ የእኔ ነው። በዚህ ክርክር ከአዛውንቱ ጎን ቆሜአለሁ፤ ምክንያቴም የግዥ ሰው ምክንያት ነው። መርከብ ስትገዛ ሻጩ ዋጋውን ይወስናል፣ ርክክቡም አንድ ቀን ነው፤ መትከያና ማሽን ቤት ግን በየደረጃው ሊሠራ፣ በየደረጃው ሊመረመር፣ ገንዘብ ቢያልቅ እንኳ ለሐይቁ ጀልባዎች እየሠራ ሊቆይ ይችላል። ለወጣቷ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ከእርሷ ጋር ተመርቀው በውጭ መርከቦች ላይ ያሉት መሐንዲሶች ስንት ደመወዝ ቢከፈላቸውና ምን ዓይነት ሥራ ቢሰጣቸው እንደሚመለሱ ከጓደኞቿ ጠይቃ ብትጽፍልን፣ በመደበኛ በጀቱ ገጽ ላይ የሚሰፍረውን የደመወዝ መስመር በግምት ሳይሆን በእውነተኛ አኃዝ መሙላት እንችላለን። እርሷም መርከቧ ከሚቀጥለው ወደብ ስትደርስ እንደምትጽፍ ቃል ገብታለች።